ተሳቢ ቤት የሚስብ ያገለገለ አውቶሞቢል ስለ መምረጥ

አስተዋይ ሰው በቅሎ ሊገዛ ገበያ በወጣ ጊዜ አስቀድሞ የኮርቻዋን ጌጥ አይመለከትም። ከንፈሯን ገልጦ በጥርሷ ዕድሜዋን ያውቃል፤ ጀርባዋን በእጁ ዳስሶ ቁስል እንዳለባትና እንደሌለባት ይመረምራል፤ ሰኮናዋን አንሥቶ ያያል፤ አቀበት አውጥቶ ቁልቁለት አውርዶ ከፈተናት በኋላ ስለ ዋጋዋ ይነጋገራል። ዳሩ ግን ያው ሰው አውቶሞቢል ሊገዛ በሄደ ጊዜ ይህን ሁሉ ጥበቡን ከቤቱ ትቶ ይሄድና የቀለሙን ማማርና የመቀመጫውን ልስላሴ ብቻ አይቶ የብዙ ዘመን ጥሪቱን ቈጥሮ ሲሰጥ እናያለን። ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ዓምዳችን ስለዚህ ነገር ጥቂት ምክር ለመስጠት አስበናል።

ለመጻፍም ምክንያት የሆነን ከቦንጋ ከተማ የደረሰን የአንድ ወዳጃችን ደብዳቤ ነው። እኒህ ሰው ብዙ ዘመን በመንግሥት ሥራ አገልግለው ዛሬ በጡረታ የሚኖሩ ናቸው። እናታቸው ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ሲሆኑ፣ ጕልበታቸው ስለ ደከመ በየጥቂት ወሩ ለሕክምና ወደ ጂማ፣ አንዳንድ ጊዜም ልጅ ልጆቻቸው ወዳሉበት ወደ አዲስ አበባ መጓዝ አለባቸው። በየመንገዱ በሆቴል ማደር፣ ደረጃ መውጣትና መውረድ ለእሜቴ ጭንቅ ሆነባቸው። ልጃቸውም ይህን አይተው በአንድ ብረት ቤት ትንሽ ተሳቢ ቤት አሠሩላቸው፤ አልጋ አለው፤ ምድጃ አለው፤ የውሃ በርሜልም አለው። አሁን የቀራቸው ይህን ተሳቢ የሚስብ አውቶሞቢል መግዛት ብቻ ነው። ገንዘባቸው ለአዲስ አይበቃም፤ ያገለገለ ግን ሦስት አግኝተዋልና ከሦስቱ የትኛውን ልግዛ ሲሉ ጠየቁን። በደብዳቤያቸውም መጨረሻ ላይ እንዲህ የሚል ቃል ጨመሩ፤ «እናቴን በተሳቢው አልጋ ላይ አስተኝቼ ቀስ ብዬ እነዳለሁ።»

ስለ ሞተርና ስለ ጎማ ከመናገራችን በፊት ለዚህ ቃል መልስ እንስጥ። ተሳቢ ቤት ሰው የሚያድርበት እንጂ በጉዞ ላይ ሰው የሚጫንበት አይደለም። ተሳቢ ከኋላ ተጐታች ነው፤ ነጂው በውስጡ የሚሆነውን አያይም፤ ድምፅም አይሰማም። መንጠቆው ቢወልቅ ወይም ተሳቢው ቢገለበጥ በውስጡ የተኛ ሰው የሚይዘው ቀበቶ የለውም፤ ምድጃውና ሣጥኑ ሁሉ በላዩ ይወርድበታል። ስለዚህ በብዙ አገር በሚሄድ ተሳቢ ውስጥ ሰው ማስቀመጥ በሕግ የተከለከለ ነው። እናት በአውቶሞቢሉ ውስጥ በደህና መቀመጫ፣ ቀበቶ ታጥቀው፣ ከልጃቸው አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ተሳቢው ከቆመ በኋላ ይተኙበታል። ምርጫውም ሁሉ ከዚህ ይጀምራል፤ የሚገዛው አውቶሞቢል አስቀድሞ ለአሮጊቲቱ የሚመች መቀመጫ ያለው መሆን አለበት።

እንግዲህ ስለ መንገዱ እንናገር፤ መንገዱን ያላወቀ ሰው የሚሄድበትን ሊመርጥ አይችልምና። ከአዲስ አበባ እስከ ቦንጋ 460 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ካለችው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በወሊሶና በወልቂጤ አልፎ ወደ ጊቤ በረሃ ይወርዳል፤ በዚያም ከፍታው ወደ 1,100 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ከጊቤ ማዶ ደግሞ ወደ አበልቲ ይወጣና በሰኮሩ በኩል ጂማ ይገባል። ከጂማ በኋላም በሸቤ አድርጎ ሁለተኛ ወደ ጎጀብ ሸለቆ ይወርዳል፤ ወንዙን ተሻግሮ በጊምቦ በኩል ወደ ቦንጋ ይወጣል። ስለዚህ ይህ መንገድ ለሳቢ አውቶሞቢል ሁለት ታላላቅ ፈተናዎች አሉት፤ ጊቤና ጎጀብ። በካፋም ዝናብ የማይዘንብበት ወር ጥቂት ስለ ሆነ፣ ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ገጠር ዘመድ ቤት የሚሄድ ሰው ጭቃ ይጠብቀዋል።

ለቦንጋ ሰው የጭነት ነገር አዲስ አይደለም። ቦንጋ በካፋ ነገሥታት ዘመን ታላቅ የንግድ ከተማ ነበረች፤ የሲራራ ነጋዴ ቡናውንና ማሩን፣ ዝባዱንና የዝሆን ጥርሱን በበቅሎና በአህያ ጭኖ ይወጣባት ነበር። ያ ነጋዴ እንስሳው የሚችለውን ልክ ያውቃል፤ ከልክ በላይ ቢጭን በመንገድ ላይ እንስሳውንም ሸክሙንም እንደሚያጣ ያውቃልና። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ብዙ ነገር ቢለወጥም ይህ የሸክም ሕግ አልተለወጠም። እንኪያስ ገዢ ሊመረምራቸው የሚገቡትን በተራ እንጽፋለን።

1ኛ፤ ክብደት። ወዳጃችን ተሳቢያቸው ባዶውን ሰባት ኩንታል እንደሚመዝን ጽፈዋል። ፍራሽና ልብስ፣ ምድጃና የጋዝ ሲሊንደር፣ ዕቃና ስንቅ ሁለት ኩንታል ቢሆን፤ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነውና 80 ሊትር ውሃ 80 ኪሎ ቢጨምር፤ ለልጆች የሚወሰደው ቡናና ማር ደግሞ 120 ኪሎ ቢሆን፣ ሁሉ ተደምሮ 11 ኩንታል ይሆናል። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው የባዶውን ክብደት ብቻ አስቦ ስለሚገዛ ነው። ስለዚህ ተሳቢው ሙሉ ዕቃውን እንደ ተጫነ በመኪና ሚዛን ላይ ይመዘን። በውጭ አገር የተሳቢ ቤት ልማድ ያላቸው ሰዎች የሚከተሉት መልካም ልክ አለ፤ የተጫነው ተሳቢ ከሳቢው አውቶሞቢል ክብደት ከመቶ 85 እጅ እንዳይበልጥ ይጠነቀቃሉ። ከዚህም በቀር አውቶሞቢሉን የሠራው ፋብሪካ ይህን ያህል ይስባል ብሎ በመጽሐፉ የጻፈውን ማለፍ አይገባም።

2ኛ፤ ፍሬን። ሞተር የሚያስወጣ ቢሆን፣ ነፍስ የሚያድን ፍሬን ነው። በአውሮፓ ሕግ ከ750 ኪሎ በላይ የሚመዝን ተሳቢ የራሱ ፍሬን ሊኖረው ግድ ነው። ስለዚህ ወዳጃችን ለተሳቢያቸው ፍሬን አሠርተው እንደ ሆነ ይመርምሩ፤ ካላሠሩ ግን አውቶሞቢል ከመግዛታቸው በፊት ያሠሩት። በሚገዛውም አውቶሞቢል ላይ የፍሬን ሸራው፣ ታምቡሩና ዲስኩ፣ ቱቦውም ሁሉ ይታይ። የፍሬን ዘይት ከአየር ርጥበት የሚስብ ስለ ሆነ ባረጀ ጊዜ በቁልቁለት ሙቀት ይፈላል፤ የፈላ ዘይትም መርገጫውን ባዶ ያደርገዋል። ስለዚህ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ መለወጥ ይገባዋል።

3ኛ፤ የሞተር ኀይልና ማቀዝቀዣ። አየር በከፍታ ላይ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየመቶ ሜትሩ ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ኀይሉን ያጣል። እንዲህ ሲሆን በአዲስ አበባ ከኀይሉ አምስተኛው ወይም ከዚያ የሚበልጠው ይጐድላል ማለት ነው። ቱርቦ ያለው ሞተር ግን አየሩን ገፍቶ ስለሚያስገባ ይህ ጕድለት ብዙ አያገኘውም። በአገራችን ከሚገኙት ፒካፖች «ፋይቭ ኤል» የሚሉት ባለ ሦስት ሊትር የናፍጣ ሞተር ቱርቦ የለውም፤ አቀበት ላይ ቀርፋፋ ነው፤ ነገር ግን ሥራው ቀላል ስለ ሆነ የገጠር መካኒክ ሁሉ ያውቀዋል። «ዲ ፎር ዲ» የሚሉት ባለ ቱርቦ ሞተር ደግሞ አቀበቱን በብርታት ይወጣል፤ ዳሩ ግን ቆሻሻ ናፍጣ ይጐዳዋል፤ የነዳጅ መርጫውም በተበላሸ ጊዜ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ከሁለቱ የትኛውም ቢሆን ራዲያተሩ ያልተዘጋ፣ ቬንትሌተሩም ደህና መሆን አለበት፤ ተሳቢ የሚስብ ሞተር ከአበልቲ አቀበት ላይ የሚሞቀውን ያህል በከተማ መንገድ አይሞቅምና።

4ኛ፤ ካምቢዮና ፍሪሲዮን። በአቀበት ላይ ቆሞ ሲነሣ ፍሪሲዮኑ የሚሸሽ፣ ማለት ሞተሩ እየጮኸ አውቶሞቢሉ የማይራመድ ከሆነ፣ ያ ፍሪሲዮን አልቋል። ካምቢዮው በራሱ የሚለዋወጥ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ዘይቱን አውጥቶ ማየት ነው፤ ቀይነቱ ጠፍቶ የጠቆረና የተቃጠለ ሽታ ያለው ዘይት የታመመ ካምቢዮ ምልክት ነው።

5ኛ፤ ሻንሲና ባሌስትራ። ተሳቢ የሚስበው በአውቶሞቢሉ አጥንት ነው። ስለዚህ ገዢው ልብሱን ሳይሳሳ ከሥሩ ተኝቶ ይመልከት። በሻንሲው ላይ አዲስ ብየዳ፣ ዝገትን የሸፈነ አዲስ ቅብ፣ የተጣመመ ብረት ካየ ዋጋው ቢረክስም ይለፈው። የመሳቢያው መንጠቆም በሻንሲው ላይ በብሎን የታሰረ እንጂ በኋላ መከላከያው ላይ የተበየደ አይሁን። በመንጠቆው ላይ የሚያርፈው ክብደት ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከአሥር አንድ እጅ ገደማ ቢሆን መልካም ነው፤ በወዳጃችን ተሳቢ 110 ኪሎ ማለት ነው። ዕቃው ሁሉ ወደ ኋላ ቢጫን ተሳቢው በመንገድ ላይ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ ከልክ በላይ ወደ ፊት ቢጫን ደግሞ የአውቶሞቢሉ ፊት ቀለል ብሎ መሪው አልታዘዝ ይላል።

6ኛ፤ የጢስ ምስክርነት። አሮጌ ሞተር ይዋሻል፤ ጢሱ ግን አይዋሽም። ገዢው ማለዳ ሞተሩ ሳይሞቅ ይድረስ፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀው በሌላ ቀን ይመለስ። ጢሱ ሰማያዊ ከሆነ ሞተሩ ዘይት ይበላል፤ ከሞቀም በኋላ ነጭ ሆኖ ከዘለቀ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበልቶ ውሃ ይገባ ይሆናል፤ ጥቁር ጢስ የበዛ እንደ ሆነ ነዳጁ በሚገባ አይቃጠልም። የኪሎ ሜትር ቈጣሪውን አይመኑ፤ ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላልና። ይልቅስ የፍሬን መርገጫው ላስቲክ፣ የመሪውና የመቀመጫው ማለቅ እውነቱን ይናገራል።

ይህን ሁሉ ስንጽፍ ከመጽሐፍ ብቻ የተማርነው እንዳይመስላችሁ፣ በራሴ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። ከብዙ ዓመት በፊት የወንድሜን የሰርግ ዕቃ ይዤ ከጂማ ወደ ቦንጋ እሄድ ነበር። አውቶሞቢሌ መልከ መልካምና ባለ ትልቅ ሞተር ነበር፤ በእርሱም እኰራ ነበር። ተሳቢው ግን ፍሬን የሌለው ሲሆን፣ ወንበርና ድንኳን፣ የቢራ ሣጥንም ጭኜበት ከልኩ አልፎ ነበር። ሸቤን አልፈን ወደ ጎጀብ መውረድ በጀመርን ጊዜ፣ ሞተሩን በከፍተኛ ማርሽ ትቼ እግሬን ከፍሬኑ ሳላነሣ ወረድሁ። ጥቂት እንደ ሄድን የተቃጠለ ሽታ መጣ፤ ባለቤቴ «ምን ይሸታል?» አለችኝ፤ እኔም ከውጭ ነው አልኋት። ወዲያው መርገጫው እስከ ወለሉ ድረስ ገባ፤ ተሳቢውም ከኋላ ይገፋን ጀመር። ያን ጊዜ የሞተሩን ኀይል ትቼ ስለ ሦስቱ ልጆቼ ብቻ አሰብሁ። በጭንቅ ወደ ሁለተኛ ማርሽ መልሼ፣ አውቶሞቢሉን ወደ ተራራው ወገን አስጠግቼ ከአፈሩ ክምር ጋር አጋጨሁት፤ ቆመም። አንድ አዛውንት የካሚዮን ነጂ ወርደው ጎማውን በድንጋይ ካስደገፉልን በኋላ እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፣ አቀበቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ። ፍሬን ለመቆም ነው እንጂ ለመውረድ አይደለም።» በደሉ የሻጩም የአውቶሞቢሉም አልነበረም፤ የእኔ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምርጫዬን ከፍሬንና ከክብደት እጀምራለሁ።

አሁን ወደ ወዳጃችን ሦስት አውቶሞቢሎች እንመለስ። የመጀመሪያው ትንሽ ቪትዝ ነው፤ የወንድማቸው ልጅ «ነዳጅ አይበላም፤ ይበቃል» ብሏቸዋል። ይህ አውቶሞቢል ራሱ ከአሥር ኩንታል የማይበልጥ ስለ ሆነ 11 ኩንታል ተሳቢ ቢታሰርበት ሳቢው ተሳቢው፣ ተሳቢውም ሳቢው ይሆናል። ለከተማ መልካም ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም። ሁለተኛው ባለ ቤንዚን ትልቅ አውቶሞቢል ነው፤ ክብደቱም ኀይሉም ይበቃል። ነገር ግን የሚጠየቅበት ዋጋ ገንዘባቸውን ሁሉ ጨርሶ ከእናታቸው ርስት ቍራሽ መሸጥ የሚያስገድድ ነው፤ መካኒክም ከሥሩ ገብቶ ባየው ጊዜ በሻንሲው ላይ ብየዳ አግኝቶበታል። ሦስተኛው ደብል ጋቢና የቶዮታ ሃይሉክስ ፒካፕ ነው፤ ባለ ናፍጣ፣ በአራቱም እግሩ የሚስብ፣ 18 ኩንታል ገደማ የሚመዝን፣ ቀለሙ የደበዘዘ፣ የአንድ ገበሬ ንብረት። ከ18 ኩንታል ከመቶ 85 እጅ ቢሰላ ከ15 ኩንታል ይበልጣል፤ ተሳቢውም 11 ነውና ልኩ ይበቃዋል። መለዋወጫው በጂማም በአዲስ አበባም ይገኛል። ሁለት ረድፍ መቀመጫ ስላለው ቤተ ሰቡን ይይዛል። ከፍ ያለ ስለ ሆነ ግን ለእናት መውጫ የሚሆን ደረጃና መያዣ ከጎኑ ሊሠራለት ይገባል፤ ይህም ዋጋው ጥቂት ነው። ስለዚህ መልሳችን ሦስተኛው ነው።

ስለ ዋጋውም አንድ ቃል እንጨምር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቍጥር 1186/2012 ከውጭ በሚገባ ያገለገለ አውቶሞቢል ላይ ከአዲሱ የከበደ ግብር ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። ስለዚህ በአገር ውስጥ ያለው የነዳጅ አውቶሞቢል ሲያረጅ ዋጋው ይቀንሳል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ይቆያል። የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ለከተማ ኑሮ እጅግ የሚጠቅም ነው፤ ነገር ግን ተሳቢ በታሰረበት ጊዜ በአንድ ሙሌት የሚሄደው መንገድ እስከ ግማሽ ሊያንስ ይችላል፤ ከዓይነቶቹም ብዙዎቹ ተሳቢ እንዲስቡ በፋብሪካው አልተፈቀደላቸውም። ለቦንጋ መንገድ የሚገዛ ሰው ይህን አስቀድሞ ይጠይቅ።

ገንዘቡን ሁሉ በግዢው ቀን መጨረስም ስንፍና ነው። ከአሥር እጅ ሁለቱን ለፍሬን፣ ለጎማ፣ ለዘይትና ለራዲያተር ያስቀምጡ፤ ያገለገለ አውቶሞቢል በገዙት በመጀመሪያው ወር ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቃልና። ስለ ወረቀቱም፤ በሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተርና የሻንሲ ቍጥር ከብረቱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን ራስዎ ያንብቡ። አውቶሞቢሉ ከቀረጥ ነፃ የገባ እንደ ሆነ ቀረጡ ሳይከፈል ስሙ ወደ ገዢ አይዛወርም። የባንክ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ እንዳለበት ይጠይቁ። ውሉ በውልና ማስረጃ ፊት ሳይፈረም ገንዘብ አይስጡ፤ ክፍያውም በባንክ ይሁን። ቦሎውና የሦስተኛ ወገን መድኑ ያላለፈበት መሆኑም ይታይ። በዘመድ በኩል የመጣ ሻጭ ነው ብሎ ይህን የተወ ሰው፣ በኋላ አውቶሞቢሉንም ዘመዱንም ያጣል።

የመጨረሻውን ምክር ግን በግልጽ እንናገር። በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ የሚጓዝ ቤተ ሰብ ለዚህ ብሎ አውቶሞቢል መግዛት አያስፈልገውም፤ ነጂ ያለው ደህና አውቶሞቢል ተከራይቶ፣ በጂማ በዘመድ ቤት አንድ ሌሊት አርፎ መሄድ ይረክሳል፤ ድካሙም ያንሳል። ወዳጃችን ግን በየሁለት ወሩ የሚመላለሱ ስለ ሆኑ ግዢው ተገቢ ነው።

ይህን መልስ አስቀድመን በደብዳቤ ልከንላቸው ነበርና ከቦንጋ የጻፉልንን ጠቅሰን እናበቃለን። ፒካፑን ገዙ፤ ለተሳቢውም ፍሬን አሠሩ። በመጀመሪያው ጉዞ ማለዳ እናታቸው ተደግፈው ወጥተው ተሳቢውን ዞረው አዩና «የኔ ስፍራ እዚህ ውስጥ ነው ወይ?» ብለው ጠየቁ። ልጃቸውም «የለም እማዬ፤ የእርስዎ ስፍራ ከፊት ነው፤ ይህ ለማታ ነው» አሏቸው። እሜቴም ከፊት ተቀምጠው ቀበቶ ታጠቁ። ጎጀብን በሁለተኛ ማርሽ ወረዱ፤ በኋላቸው ያሉ አውቶሞቢሎች ጥሩንባ ቢነፉም አልቸኰሉም፤ ስፋት ባገኙበት ቦታ ወደ ዳር ወጥተው አሳለፏቸው። ጂማም በደህና ደረሱ። በዚያች ሌሊት እናታቸው ደረጃ ሳይወጡ፣ በራሳቸው ፍራሽ ላይ፣ ከቤታቸው የመጣ ቡና ጠጥተው ተኙ።